«ባሩ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም»

ደሴ አራዳ አካባቢ አነስተኛ የስልክ ጥገና ሱቅ አለችኝ። ስድስቱን ቀን ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጀር ማስገቢያ እበይዳለሁ። እሑድ ሲሆን ሱቋን ቆልፌ ባለ ካሬ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ። አንድ እሑድ ጦሳ፣ አንድ እሑድ አዝዋ ገደል፣ ሲመቸኝ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ። ኔትወርክ የቱ ጋ እንደሚጠፋ፣ የቱ ጋ እንደሚመለስ፣ የትኛው ታወር እንደተሻሻለ እጽፋለሁ። ይህን ነገር የሚወድ ሰው ብዙ እንደሆነ ያወቅኩት ከዚህ ዓምድ በኋላ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤዎች እነሆ። ያልተመለሰላችሁ ለሚቀጥለው አቆይቻችኋለሁ፤ አብሽሩ።

«እህታችን፣ ስልኬ የያዘው የትኛውን ታወር እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ? ግቢያችን አጠገብ አንድ አለ፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ ሌላ አለ።» ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ልክ እንደምትደውል አድርገህ *#*#4636#*#* ጻፍ። የመጨረሻዋን ኮከብ ስትነካ ገጹ ራሱ ይከፈታል። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብለህ ደውል። አንዳንድ የስልክ ዓይነት የመጀመሪያውን ኮድ አይቀበልም። ያንተም እምቢ ካለ ሴልማፐር የሚባለውን አፕ ጫን።

የሚከፈተው ገጽ በቁጥር የተሞላ ነው። አትደንግጥ፤ አራቱን ብቻ ፈልግ።

መጀመሪያ 636 ታያለህ። የኢትዮጵያ መለያ ነው። ከኋላው 01 ካለ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 02 ካለ ሳፋሪኮም ነው። ቀጥሎ አርኤስአርፒ የሚለውን ፈልግ። የ4ጂ ጉልበት የሚለካው በእሱ ነው። ሁልጊዜ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። −80 ሸጋ ነው። −100 ያስኬዳል። −115 ከደረሰ መቆራረጥ ይጀምራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዝልኝ። ቁጥሩ በ3 ሲወርድ ጉልበቱ በግማሽ ቀነሰ። በ10 ሲወርድ ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ቀረ። −90 እና −100 ለዓይን ቅርብ ናቸው፣ ለስልክህ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ሦስተኛው ሴል አይዲ ነው። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበኝ ይህ ቁጥር ነው። በ4ጂ ላይ ስትሆን ረጅም ሆኖ ይመጣል። ለ256 አካፍለው። ለምሳሌ 5140226 ካለህ፣ 20079 ይደርስና 2 ይተርፋል። 20079 የታወሩ መለያ ነው። 2 ደግሞ የአንቴናው ፊት። አብዛኛው ታወር ወደ ሦስት አቅጣጫ የሚያዩ ፊቶች አሉት፤ እያንዳንዱ የዙሪያውን ሲሶ ይሸፍናል። ነገ ሌላ ቦታ ሆነህ 5140227 ብታይ ታወሩ ያው ነው፣ የተቀየረው ፊቱ ነው። ይህን በወረቀት ያሰላሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ደብተሬን ሳገላብጥ አደርኩ። የተለያዩ ታወሮች የመሰሉኝ ስንት ቁጥሮች የአንድ ታወር ፊቶች ሆነው ተገኙ።

አራተኛው የቻናል ቁጥር ነው (ገጹ ላይ EARFCN ይላል)፤ ስልክህ በየትኛው የሞገድ ድግግሞሽ ላይ እንዳለ ይነግርሃል። ከ1200 እስከ 1949 ከሆነ 1800 ሜጋኸርዝ ላይ ነህ። ከ0 እስከ 599 ከሆነ 2100 ላይ። ከ6150 እስከ 6449 ከሆነ 800 ላይ። በለመድከው ቦታ፣ በዚያው በለመድከው የታወር መለያ ላይ፣ ያልነበረ ቻናል አንድ ቀን ብቅ ካለ ታወሩ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ሠራተኞቹ ሲሰቅሉ ባታይም ከስልክህ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የግቢው ነው ወይስ የኮረብታው? ሜዳ ላይ ቁም። ስልኩን ደረትህ ላይ አስጠግተህ ያዝ። ሩብ ዙር ዞረህ ቁም፤ አሥር ሰከንድ ጠብቅ፣ ቁጥሩ ዘግየት ብሎ ነው የሚቀየረው። እንደገና ሩብ ዙር። የሰው ገላ ሞገድ ያግዳል። ቁጥሩ ከሁሉም በላይ ያሽቆለቆለበት ላይ ታወሩ ከጀርባህ ነው ያለው። ከጦሳ ሥር ሆኜ ስሞክር −94 የነበረው ስዞር −103 ገባ። ዞሬ ሳይ ታወሩ ከጀርባዬ ቆሟል። ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ ሞክረው። አቅጣጫዎቹ የሚገናኙበት ላይ የምትፈልገውን ታገኛለህ።

«ልጄ፣ ሰኞ ሰኞ ስልኬ ባሩ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም። ገዢው በቴሌብር ከፍያለሁ ይለኛል፣ መልእክቱ አይገባልኝም። ማክሰኞ ደህና ነው። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?» የበርበሬ ነጋዴ፣ ከባቲ

እትዬ፣ ስልክዎ ደህና ነው። ለጥገና ገንዘብ እንዳያወጡ።

የባቲን ሰኞ ላላየ አንባቢ ልናገር። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል። ኦሮሞውና አማራው ከደጋና ከወይና ደጋ ይወርዳል። ማክሰኞ ጭር የሚለው ሜዳ ሰኞ እግር ማስረገጫ የለውም። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው።

ባሩ የሚነግርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታወሩ ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ። ስንት ሰው እየተሻማበት እንደሆነ አይነግርዎትም። ሐረጎ ላይ አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው፤ ከፊትዎ ሃያ ከባድ መኪና ከተሰለፈ ግን አይሄዱም። ታወሩም እንደዚያው ነው። ያለውን አቅም በዚያች ሰዓት ለሚጠቀመው ሁሉ ያካፍላል። ሰው ሲበዛ ድርሻዎ ይቀጥናል።

ይህን በዓይኔ ልይ ብዬ ባቲ ወርጄ ነበር። ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ በርበሬ ተራው አጠገብ ቆሜ ለካሁ። አርኤስአርፒው −78፤ ይህ እንግዲህ ሙሉ ባር ነው። አርኤስአርኪው የሚለው ቁጥር ግን −17 ነበር። እሱ ጥራትና ጭንቅንቅ የሚታይበት ነው። ከ−10 በላይ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ከ−15 ሲያልፍ ኢንተርኔቱ ይንፏቀቃል። አድሬ ማክሰኞ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ቆምኩ። −79 እና −9። ጉልበቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሰው ነው።

ለገበያ ቀን ይህን ያድርጉ። የቴሌብር አፑን ይተዉትና *127# ብለው ይደውሉ። ይህ በሞባይል ዳታ አይሄድም፤ በጣም ትንሽ ነገር ስለሚልክ ጭንቅንቁ ውስጥም ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሒሳብዎን በዚያ አይተው ገንዘቡ መግባቱን ያረጋግጡ። ዕቃውን ከዚያ በኋላ ይስጡ። ከገዢው ስልክ ላይ የሚታይ መልእክት አይመኑ፤ በሐሰት ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ይህን አደራ እላለሁ፣ እትዬ። የእርስዎን የመሰለ ደብዳቤ ከአንድ ሌላ ገበያም ደርሶኛል፤ ሴትዮዋ የአንድ ኩንታል ዋጋ ቀልጦባታል።

«እኛ ጋ ኔትወርክ ያለው ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው አንዲት ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ካልኩ ይጠፋል። ድንጋይዋ ምን አላት?» ከደላንታ

የኔ ወንድም፣ ያንተን ድንጋይ እኔም አውቃታለሁ። የኛዋ ጥድ ናት።

እናቴ አምባሰል ናት የምትኖረው። ቤቷ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ከጓሮው ጥድ ሥር ግን ይሠራል። ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ከቅርንጫፉ ላይ ትሰቅለዋለች። ሲጮህ ከሰማች ካለችበት ትሮጣለች። እስክትደርስ ይዘጋል። እኔ ሁለተኛ እደውላለሁ፤ ያኔ ከሥሩ ቆማ እያለከለከች ታነሳለች። ወደ 70 እየተጠጋች ነው። ለምን ጥዱ ሥር ብቻ? ደብተር የገዛሁት ለዚህ ጥያቄ ብዬ ነው።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ከቤቷ ፊት ለፊት ተራራ አለ። ተራራው አንድ ቦታ ላይ ጎደል ይላል። ከጥዱ ሥር ሲታይ በዚያች ጎድጓዳ በኩል ሩቅ ያለ ታወር ያለበት ሸንተረር ጫፉ ይታያል። ቤቷ በር ላይ ግን ተራራው ይጋርደዋል። ሞገዱ በዚያች ክፍተት ሾልኮ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። ያንተም ድንጋይ እንደዚያው ናት። የደላንታ ሜዳ እስከ አፋፉ ድረስ ለጥ ያለ ነው፤ ከዚያ ወደ በሽሎ ገደል ይገባል። አፋፉ ላይ ስትቆም ገደሉን ተሻግሮ ከማዶ የሚመጣው ሞገድ ያገኝሃል። ሁለት እርምጃ ስትመለስ መሬቱ ራሱ ይጋርድሃል።

ምን ይሻላል? ስልክህን በቅንብሩ ውስጥ ከ4ጂ ወደ 2ጂ ብቻ ቀይረህ ሞክር። 2ጂ ብዙ ጊዜ በ900 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ሞገዱ ረዘም ያለ ስለሆነ ኮረብታን እንደ ምንም ዞር ብሎ ይደርሳል። ኢንተርኔት አይሆንህም፤ ድምፅና መልእክት ግን ልታገኝ ትችላለህ። እናቴ ስልክ ላይ ይህን ካደረግኩ በኋላ ጥዱ ሥር መድረስ ቀረ። አሁን ደጃፏ ላይ ይበቃታል።

ቤት ውስጥ ለሚጠፋባችሁ ደግሞ፦ የቆርቆሮ ጣሪያና ቆርቆሮ በር ሞገድ መላሽ ናቸው። ስልኩን ታወሩ ባለበት በኩል ካለው መስኮት ላይ አኑሩት። ገበያ ላይ የሚሸጠውን «ኔትወርክ ማጉያ» ግን አትግዙ። ፈቃድ ያልተሰጠው ማጉያ ታወሩን ራሱን ይረብሻል፤ አንድ ቤት ሲሻለው መንደሩ ይጠፋበታል። እንዲህ ያለ ዕቃ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳያጸድቀው መጠቀም አይፈቀድም።

«ከአጥራችን ጎን ታወር ተተከለ። ሁለት ሕፃናት አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ።» እናት፣ ከሐይቅ

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። የማውቀውን በቀጥታ ልንገርሽ።

የሞባይል ሞገድ እንደ ራጅ ጨረር አይደለም፤ የሰውነትን ሕዋስ የሚሰብር ጉልበት የለውም። በብዛት ሲሆን የሚያደርገው ማሞቅ ነው። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በ900 ሜጋኸርዝ ለአንድ ካሬ ሜትር 4.5 ዋት ነው። ሰዎች በሚኖሩበት ቦታ የሚለካው ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጅግ በታች ነው። አንቴናው ደግሞ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ነው የሚያበራው፤ ወደ እግሩ ሥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ይህን ሞገድ «ምናልባት ሊያስከትል ይችላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ያንን የሚነግርሽ ሰው አልዋሸሽም። ውሳኔው ግን በዋነኛነት የመጣው ጆሮ ላይ ተደግኖ ከሚወራበት ስልክ ጥናት ነው።

ስለዚህ ከታወሩ ይልቅ ስልኩን ከልጆቹ ራስጌ አርቂው። ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ ሞገዱን አጠንክሮ፣ እንደሚጮህ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ጥሩ ሲያገኝ ድምፁን ይቀንሳል። ልትከራከሪበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ጄኔሬተሩ ወዴት ይጨሳል? ሌሊት ይጮሃል? አጥሩ ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለው? እነዚህን ጽፈሽ ለቀበሌ አስገቢ።

«ታወሮችን ፎቶ እያነሳሁ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። ልላክልሽ?» ወጣት፣ ከወልድያ

አትላክልኝ፣ ወንድምዓለም። አታንሳም።

አንድ ቀን ከአንድ አጥር ውጭ ቆሜ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ጥበቃው መጣ። ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ደብተሬን ተቀብለው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩ። «ይህ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። ማስረዳት አቃተኝ። ሦስት ሰዓት አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥኩ። እሳቸው ሥራቸውን ነው የሠሩት። አገሩ ያየውን አይቷል፤ ወሎ ውስጥ ታወር ሲታይ የሰው ልብ ይደነግጣል። ስልኩ ጠፍቶ ዘመዱ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ወራት የቆየ ሰው ስንት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንብ አለኝ። ወደ አጥር አልጠጋም። ካሜራ አላወጣም። የምመዘግበው ስልኬ የቆመበትን ቦታ እንጂ ታወሩ የቆመበትን አይደለም። አንተም በዚህ ልክ ሁን። ቁጥሩ ከመንገድ ላይ፣ ከሻይ ቤት በረንዳም ይገኛል።

አጫጭር መልሶች

ለመርሳዋ አንባቢ፦ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ ወዲያው የማይጠፋው ታወሩ ባትሪ ስላለው ነው። ባትሪው ሲያልቅ፣ ጄኔሬተር ከሌለ ወይም ነዳጅ ካላገኘ፣ ይዘጋል። መብራት የሄደበትንና ኔትወርክ የጠፋበትን ሰዓት ጻፊ። ልዩነቱ ከወር ወር እያጠረ ከመጣ ባትሪው እያረጀ ነው።

«ስደውል ዳታው ይጠፋል» ላለኝ የደሴ ልጅ፦ ስልክህ 4ጂ ላይ ሆኖ ድምፅ ማስተላለፍ ስላልተከፈተለት ለጥሪው ብሎ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። ቅንብሩ ውስጥ ቮልቲኢ የሚል ካለ አብራው።

አንድ እርማት አለብኝ። ባለፈው ወር ዝናብ ኔትወርክ ያዳክማል ብዬ በጅምላ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ አርሞኛል። ከታወሩ ወደ ስልካችን የሚመጣውን ሞገድ ዝናብ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አያደርገውም። ዝናብ የሚጎዳው ታወር ከታወር የሚገናኝበትን ነው። ታወር ላይ ከበሮ የሚመስሉ ክብ ነጫጭ ነገሮች አይታችኋል? እነሱ በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሠሩት፤ ከባድ ዝናብ ይይዛቸዋል። ባሩ ሙሉ ሆኖ በዶፍ ሰዓት ኢንተርኔት የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ነው። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ።

«ኔትወርክ የለም ብለን በደወልን ቁጥር ‹ይስተካከላል› እንባላለን። ሰሚ ለማግኘት ምን እናድርግ?» መምህር፣ ከኩታበር

መምህር፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም የሚቆረቁረኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«ኔትወርክ የለም» የሚል ስሞታ የሚቀበለው ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያያል፤ ታወሩ በርቷል። ስለዚህ «ይስተካከላል» ይላል፣ ይዘጋል። የት? በስንት ሰዓት? በየትኛው ስልክ? የሚይዘው ነገር የለውም። እኔ የሰፈሬን ችግር ስናገር ሁለት ጊዜ እንደዚህ ተመለስኩ። በሦስተኛው የሰባት ቀን መዝገብ ይዤ ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ ወረቀቱን ተቀብሎ ጣቱን አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈ። «ይህ ፊት ሁልጊዜ ማታ ነው የሚጠፋው?» አለኝ። ሁለቱ ፊቶች ይሠራሉ፣ አንዱ ማታ ማታ ይሞታል። እሱ ኮምፒውተር ላይ ታወሩ በአጠቃላይ ደህና ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ተሠራ።

እርስዎ ደግሞ ከኔ የተሻለ ነገር አለዎት፤ ተማሪዎች አሉዎት። አምስት ቦታ ይምረጡ። የትምህርት ቤቱ በር፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይለካ። ከአንድ በላይ ስልክ ይሁን፤ «ስልካችሁ ነው» እንዳይባል። መስመሩ እንዲህ ይጻፍ፦

ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00፣ ጤና ጣቢያ በር፣ 4ጂ፣ ሴል አይዲ ይህን ያህል፣ −118፣ ጥሪ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አንዴ ገባ።

የጤና ጣቢያውን መስመር ከላይ ያድርጉት። አምቡላንስ የሚጠራው ከዚያ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ በ994 ሲደውሉ የስሞታ ቁጥር ይጠይቁና ወረቀቱ ጫፍ ላይ ይጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን በአካል ይውሰዱ፤ ቅጂው ግን እጅዎ ላይ ይቅር። አንዱን ቅጂ ለእኔ ይላኩልኝ። ባለ ካሬው ደብተሬ ውስጥ ለኩታበር ሁለት ገጽ ባዶ ትቻለሁ።